ሌሊቱን ስለሚጠብቁልን
(ከኢሻ ሶላት በኋላ ለጀማዓው የተደረገ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይውረድ። 

የተከበራችሁ አባቶቻችንና እናቶቻችን፣ ውድ ወንድሞችና እህቶች!

አሁን የኢሻን ሶላት በጀማዓ ሰግደናል። ሰፋችንን አስተካክለን፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን፣ ኢማማችንን ተከትለን ጨርሰናል። ስንሰግድ ግን ሁለት ሰዎች ከመካከላችን እንዳልነበሩ ስንቶቻችን ልብ አልን? አንደኛው በትልቁ በር፣ ሁለተኛው በሴቶች መግቢያ በኩል ቆመው ነበር። እኛ ሱጁድ ወርደን ግንባራችን ምንጣፉን ሲነካ፣ ጀርባችንን ለመንገዱ ሰጥተን ያለ ስጋት ስንሰግድ፣ የእነሱ ዓይን መንገዱ ላይ ነበር። አሁን እኛ ለንግግር ስንቀመጥ እነሱ ውዱእ አድርገው ጥግ ላይ ለሁለት እየሰገዱ ነው። በቦታቸው ሌሎች ሁለት ወጣቶች ተተክተዋል።

የዛሬው ንግግራችን ስለ እነሱና ስለ መሰሎቻቸው ነው። ስለ ዘበኛው፣ ተራ ይዘው ስለሚያድሩት ወጣቶች፣ የተቆጣ ሕዝብ መሀል ገብተው እጃቸውን ስለሚዘረጉ ሽማግሌዎች፣ ጎረቤታቸውን ጓዳ ስለሚደብቁ እናቶች ነው። እነዚህን ሰዎች አደጋ ሲደርስ እንጠራቸዋለን፤ አደጋው ሲያልፍ ግን እንረሳቸዋለን። ይህ ልማዳችን በአላህ ዘንድ የሚያስጠይቀን ስለሆነ ዛሬ በግልጽ እንነጋገርበት።

በመጀመሪያ ጥበቃ በዲናችን ውስጥ ያለውን ቦታ እንመልከት። አንዳንድ ወንድሞች «በር ላይ የቆመው ልጅ የጀማዓ አጅር አመለጠው» ሲሉ ሰምተናል። እስኪ ሱረቱ ኒሳእን ገልጠን 102ኛውን አያ እናንብብ። ሶላቱል ኸውፍ፣ ማለትም የፍርሃት ጊዜ ሶላት የተደነገገው እዚያ ነው። ሥርዓቱን የመድረሳ ልጆቻችን ያውቁታል። ጠላት በሚያሰጋበት ቦታ ጀማዓው ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ ከኢማሙ ጋር ሲሰግድ ግማሹ ይጠብቃል። ከዚያ የሰገዱት ወጥተው በጥበቃው ይተካሉ፤ ይጠብቁ የነበሩት ደግሞ ገብተው ይሰግዳሉ። ልብ በሉ፤ አላህ ሶላቱን አልሰረዘም፤ ጥበቃውንም አላስቀረም። ሁለቱን በአንድ ሥርዓት አያያዛቸው። የሚጠብቀው ሰው ከኢባዳው ውጭ የቆመ ሳይሆን የኢባዳው አካል ነው። ከዚህም በላይ ማንም ሁልጊዜ ጠባቂ፣ ማንም ሁልጊዜ ሰጋጅ ሆኖ እንዳይቀር ተራ እንዲለዋወጡ ታዟል። ይህችን ነጥብ ያዙልን፤ ወደ መጨረሻው እንመለስባታለን።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው በዚህ ጉዳይ ምን እንዳደረጉ በቡኻሪና በሙስሊም ዘገባ ተላልፎልናል። አንድ ሌሊት የመዲና ሰዎች ከባድ ድምፅ ሰምተው ደነገጡ። ድምፁ ወደ መጣበት አቅጣጫ ሲወጡ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ከዚያው ሲመለሱ መንገድ ላይ አገኟቸው። ኮርቻ ሳይጫን የአቡ ጦልሓን ፈረስ ጋልበው፣ ሰይፋቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ ከሁሉም ቀድመው ሄደው፣ አጣርተው እየተመለሱ ነበር። ሰዉንም እንዳይፈራ አረጋጉት። የአላህ መልእክተኛ ናቸው፤ ቤታቸው ተቀምጠው ሌላ ሰው መላክ ይችሉ ነበር። ግን የሕዝቡ መሪ ሆነው የሕዝቡ ጠባቂ ሆኑ። ሌላም ነገር አለ። መጀመሪያ አጣሩ፣ ከዚያ አረጋጉ። በመዲና የሰው ደም ሳይፈስ ያ ሌሊት ነጋ።

እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ደግሞ ሌላ ሌሊት ነግረውናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንቅልፍ አጥተው አንድ ደግ ሰው ቢጠብቃቸው ተመኙ። ወዲያው የመሣሪያ ድምፅ ተሰማ። ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ ነበሩ፤ ማንም ሳያዛቸው ሊጠብቁ መጥተው ነው። ነቢዩም ዱዓ አድርገውላቸው ተኙ። ወንድሞች፣ ሰዕድ ያገኙትን ዱዓ አስቡት። እኛ በሰላም ተኝተን ስናድር ለሚጠብቀን ሰው ዱዓ አድርገን እናውቃለን?

የዓባድ ኢብኑ ቢሽርን ታሪክም ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። ከዛተ ሪቃዕ ዘመቻ ሲመለሱ እሳቸውና ዐማር ኢብኑ ያሲር የሌሊቱን ጥበቃ ተረከቡ። ዐማር ሲተኙ ዓባድ ቆመው መስገድ ጀመሩ። ከጨለማው ውስጥ ቀስት ተወርውሮ ወጋቸው። ነቅለው ጣሉና ሶላታቸውን ቀጠሉ። ሁለተኛው መታቸው፤ ሦስተኛውም መታቸው። ከዚያ በኋላ ሩኩዕና ሱጁድ አድርገው ጨረሱና ጓደኛቸውን ቀሰቀሱ። ዐማር ደማቸውን አይተው ለምን ቀድመው እንዳልቀሰቀሷቸው ሲጠይቁ፣ የጀመሩትን ሱራ ማቋረጥ እንዳልወደዱ፣ ነገር ግን እንዲጠብቁት በአደራ የተሰጣቸው ቦታ ክፍት ሆኖ እንዳይቀር ስለሰጉ እንደቀሰቀሷቸው ነገሯቸው። በዚያ ሰው ልብ ውስጥ ቁርኣኑም አደራውም እኩል ይመዘኑ ነበር ማለት ነው። ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስም ሁለት ዓይኖችን እሳት እንደማይነካቸው ተነግሮናል፤ አንደኛዋ አላህን ፈርታ ያለቀሰች፣ ሁለተኛዋ በአላህ መንገድ ስትጠብቅ ያደረች ዓይን ናት።

ውድ ወንድሞችና እህቶች!

ጥበቃ ለእኛ ለኢትዮጵያ ሙስሊሞች የተለየ ትርጉም አለው። ዲናችን ወደዚህች አገር የገባው በጥበቃ ጥላ ሥር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች ከመካ ተሰደው ሲመጡ ቁረይሾች ስጦታ አስይዘው መልእክተኞች ላኩ፤ «መልሱልን» አሉ። ነጃሺ አልመለሱም። ይህን ሁላችንም እንናገረዋለን። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የማንናገረው አንድ ነገር አለ፤ ነጃሺ ለዚህ ውሳኔ ዋጋ ከፍለዋል። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉትና በሲራ መጻሕፍት እንደተዘገበው አንድ ተቀናቃኝ ተነሥቶባቸው ጦርነት ሆነ። በኢብኑ ኢስሓቅ ዘገባ ደግሞ የገዛ ሰዎቻቸው ሲያምፁባቸው ለሙስሊሞቹ ጀልባ አዘጋጅተው «እኔ ከተሸነፍኩ ወደምትፈልጉበት ሂዱ፤ ካሸነፍኩ ቆዩ» እንዳሏቸው ተላልፏል። ዙፋናቸው አደጋ ላይ ወድቆ ሳለ ሐሳባቸው የተጠጓቸው ስደተኞች ማምለጫ ላይ ነበር። ሙስሊሞቹም በዚያ ጊዜ ጭንቀታቸው ትልቅ ነበር፤ ወጣቱ ዙበይር በተነፋ አቁማዳ ተንሳፎ ዓባይን ተሻግሮ የጦርነቱን ውጤት አይቶ እስኪመለስ ድረስ ለነጃሺ ድል ዱዓ ያደርጉ ነበር።

ከዚህ የምንማረው ጠባቂ ማለት የራሱን ወገን ብቻ የሚጠብቅ አለመሆኑን ነው። ነጃሺ ያን ቀን የጠበቁት የእምነታቸው ተከታይ ያልነበሩ፣ ቋንቋቸውን የማያውቁ፣ ምንም የማይከፍሏቸውን ሰዎች ነው። እኛ የዚያ ጥበቃ ልጆች ነን። ስለዚህ ጎረቤታችን ክርስቲያን ሲሰጋ ቆመን ካልጠበቅን ታሪካችንን ከሥሩ ረስተነዋል ማለት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ዘመን እንምጣ። ታህሳስ 10 ቀን 2012 በጁምዓ ዕለት በምሥራቅ ጎጃም ሞጣ ከተማ አራት መስጂዶች ጥቃት ደረሰባቸው፤ የሙስሊሞች ሱቆች ተዘረፉ፣ ተቃጠሉ። ሚያዝያ 18 ቀን 2014፣ በረመዷን ወር፣ በጎንደር በሸህ ከማል ለጋስ ቀብር ላይ በተነሣ ግጭት በርካታ ሙስሊሞች ተገደሉ። የክልሉ እስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት የሟቾቹን ቁጥር ከ20 በላይ ሲያደርገው፣ የተባበሩት መንግሥታት ሰብዓዊ መብት ቢሮ ቢያንስ 30 ሰዎች መሞታቸውንና ከ100 በላይ መቁሰላቸውን አሳውቋል። ለቀብር ወጥተው ለቀብር የበቁ ወንድሞቻችን ናቸው። አላህ ይዘንላቸው፤ ሸሂድ አድርጎ ይቀበላቸው።

ይህን የምንናገረው ቁስል ለመጫር አይደለም። ነገር ግን ሐቁን ግማሽ አድርገን ካቀረብነው አማና አጉድለናል። ከጎንደሩ ጥቃት በኋላ በነበሩት ቀናት በወራቤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል። ያንን ያደረጉት በእኛ ስም ነው። ጎንደር ላይ ለተገደለው ወንድማችን ወራቤ ላይ የተቃጠለ ቤተ ክርስቲያን ምን ይጠቅመዋል? ሱረቱል ሐጅ 40ኛው አያ ገዳማትን፣ ቤተ ክርስቲያናትን፣ ምኩራቦችንና መስጂዶችን በአንድ ላይ ይጠራል፤ አላህ ሰዎችን በሰዎች ባይከላከል ኖሮ ሁሉም በፈረሱ ነበር የሚል መልእክት ነው ያለው። የአምልኮ ቤት ጠባቂ የሆነ ኡማ የአምልኮ ቤት አቃጣይ ሊሆን አይችልም።

የጎንደሩ ወሬ በደረሰን ማታ በእኛ መስጂድ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ከተራዊሕ በኋላ ወጣቶቻችን ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። ደማቸው ፈልቷል። ስልክ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ እውነትም ውሸትም አንድ ላይ ይታያል። «እንውጣ!» የሚል ድምፅ በረታ። እኛ የመድረሳ አስተማሪዎች እዚያው ነበርን። እውነቱን ለመናገር ምን ማለት እንዳለብን ግራ ገብቶን ቆመናል። ያን ጊዜ ዘበኛችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አባት፣ ትልቁን በር ከውስጥ ቆለፉና ቁልፉን ኪሳቸው ከትተው በሩ ሥር ቁጭ አሉ። «ልጆቼ፣ የምትወጡ ከሆነ በእኔ ላይ ተራምዳችሁ ውጡ። እኔ ይህን በር የምጠብቀው ሌባ እንዳይገባ ብቻ አይደለም፤ ከዚህ ቤት ጥፋት እንዳይወጣም ነው» አሉ።

ማንም አልተራመደባቸውም። ለሱሑር እዚያው ተበላ፤ ሱብሒ ተሰገደ። ያ ሌሊት በሰላም ነጋ። ለጋሼ ግን ማንም ምስክር ወረቀት አልሰጣቸውም። ጥበቃ እንዲህ ነው፤ ሲሳካ ምንም አልሆነም፤ ምንም ያልሆነ ነገር ደግሞ ወሬ አይሆንም። የተቃጠለ መስጂድ ፎቶው አገር ያዳርሳል፤ ሳይቃጠል የቀረ መስጂድ ፎቶ የለውም።

ከድንበራችን ማዶ ደግሞ የአንድ አስተማሪ ታሪክ አለ። እኛም አስተማሪዎች ስለሆንን ልባችንን ይነካዋል። በኬንያ ማንዴራ አካባቢ ኅዳር 13 ቀን 2007 አልሸባብ አንድ አውቶቡስ አስቁሞ ሙስሊም ያልሆኑትን ለይቶ 28 ሰዎች ገደለ። በቀጣዩ ዓመት ታህሳስ 11 ቀን 2008 ወደ ማንዴራ የሚሄድ ሌላ አውቶቡስ በኤል ዋቅ አቅራቢያ እንደዚሁ ተያዘ። ገዳዮቹ ሙስሊሞቹ ተለይተው እንዲቆሙ አዘዙ። ሙስሊሞቹ ግን አንለይም አሉ፤ ወይ ሁላችንንም ግደሉ ወይ ሁላችንንም ተዉ አሉ። ሴቶቹ ሒጃባቸውን ለክርስቲያን ሴቶች አልብሰው ሸሸጓቸው። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ሰላህ ፋራህ ይባላል፤ በማንዴራ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ነበር። በጥይት ተመታ። ወር ገደማ ሲታከም ቆይቶ በጥር 2008 ናይሮቢ ውስጥ በቀዶ ሕክምና ላይ ሳለ አረፈ። አላህ ይዘንለት። የኬንያ መንግሥት ከሞተ በኋላ በክብር ሸልሞታል፤ በዚያ አውቶቡስ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ፊልምም ተሠርቷል።

ሰላህ መሣሪያ አልነበረውም። ዘበኛም አልነበረም። ወደ ቤቱ የሚመለስ መንገደኛ ነበር። ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ቢል ይተርፍ ነበር። እነዚያ ገዳዮች በእስልምና ስም መጥተው ነበር፤ እስልምናን ከእነሱ እጅ ያስጣለው ግን ያ አስተማሪና እነዚያ ሒጃባቸውን ያወለቁ እህቶች ናቸው። በሱረቱል ማኢዳ 32ኛው አያ አንዲት ነፍስን ያዳነ ሰዎችን ሁሉ እንዳዳነ እንደሚቆጠር እናነባለን። እነሱ አያውን በተግባር ቀርተውታል።

ወንድሞችና እህቶች!

የእኛም እንቅስቃሴ ቢሆን እስካሁን የቆመው በጠባቂዎች ነው። በጥር 2004 ከአወሊያ ግቢ ጥያቄያችንን ይዘን ስንነሣ «መሪዎቻችንን ራሳችን እንምረጥ፣ በእምነታችን ጣልቃ አይገባብን» ነበር ያልነው። በሐምሌ 2004 ኮሚቴዎቻችን ታሰሩ። ሐምሌ 27 ቀን 2007 በ18 ሰዎች ላይ ከ7 እስከ 22 ዓመት የሚደርስ እስር ተፈረደ። በእነዚያ ዓመታት ጁምዓ በመጣ ቁጥር ሺዎች ድምፃቸውን ሲያሰሙ፣ ከመካከላቸው እጅ ለእጅ ተያይዘው ጫፍ ላይ የሚቆሙ ወጣቶች ነበሩ። ሥራቸው ሕዝቡን ከውጭ መጠበቅ ብቻ አልነበረም፤ ከውስጥ ድንጋይ የሚያነሣ እንዳይኖር፣ አፉን ያልገታ ሌላውን እምነት እንዳይሰድብ ይጠብቁ ነበር። አንዳንዶቹ ለዚህ ተደበደቡ፤ አንዳንዶቹ ታሰሩ፤ ትምህርታቸው የተቋረጠም አለ። ሰላማዊነታችን በመፈክር ብቻ የመጣ አይደለም። እነዚያ ልጆች ዱላ እየበሉ የጠበቁት አማና ነው። ዛሬ «ሰላማዊ ነበርን» ብለን በኩራት የምንናገረው እነሱ ዱላውን ሳይመልሱ ስለዋጡት ነው።

አሁን አንዳንድ ጥያቄዎችን እናንሣ።

«ቤቱ የአላህ ነው፤ አላህ ይጠብቀዋል፤ ዘበኛና ተራ ምን ያስፈልጋል?» የሚሉ አሉ። የዝሆኑን ዓመት ያነሣሉ፤ አብደልሙጦሊብ ቤቱን ለባለቤቱ ትተው ወደ ተራራ ወጡ ይላሉ። እውነት ነው፤ አላህ ካዕባን በወፎች ጠብቋል። ግን እነዚያ ሰዎች የአብረሃን ጦር የሚመክቱበት አቅም አልነበራቸውም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግመሉን ፈትቶ በአላህ ልመካ ወይ ብሎ ለጠየቃቸው ሰው አስሮ እንዲመካ ነው የነገሩት። በር መቆለፍ፣ መብራት ማብራት፣ ተራ መግባት ግመሏን ማሰር ነው። ተወኩሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ደግሞም መስጂድ ቢቃጠል ይሠራል፤ ውስጡ ያለው ሰው ነፍስ ግን አይመለስም።

«ታዲያ መንግሥት ምን ይሠራል?» የሚሉም አሉ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 15 የሕይወት መብትን፣ አንቀጽ 27 የእምነት ነፃነትን ይደነግጋል። ይህን የማስከበር ግዴታ የመንግሥት ነው፤ እኛ በር ላይ ስለቆምን ግዴታው አይቀርለትም። በሞጣም በጎንደርም ጥቃት ያደረሱት ሁሉ በሕግ እንዲጠየቁ፣ የተጎዱት እንዲካሱ መጠየቃችንን አናቆምም። ወንጀለኛው ሳይጠየቅ ሲቀር ለቀጣዩ ወንጀለኛ መንገድ ይጠረጋል። ነገር ግን ፍትሕ በሕግ አደባባይ የሚጠየቅ እንጂ በሌሊት ክብሪት የሚፈለግ አይደለም።

«ጥበቃ ከሆነ ለምን መሣሪያ አንይዝም?» የሚል ወጣትም አልጠፋም። ልጃችን ሆይ፣ የአንተ ጥበቃ ዓይንህና እግርህ፣ ምላስህና ሰብርህ ነው። አደጋ ስታይ ጀማዓውን ትቀሰቅሳለህ፣ ሽማግሌዎችን ትጠራለህ፣ ለሕግ አካል ታሳውቃለህ፣ ሴቶችንና ሕፃናትን ታወጣለህ። ጠባቂ መሆንና ተበቃይ መሆን የሚለያዩበትን ቦታ እወቅ። ጠባቂ በሩ ላይ ይቆማል፤ ተበቃይ ወደ ሰው በር ይሄዳል። በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አያ ወሬ ሲመጣ አጣሩ ተብለናል። ስልክህ ላይ የመጣውን ሁሉ ሳታጣራ የምታሰራጭ ከሆነ ግን በር ላይ ብትቆምም እየጠበቅክ ሳይሆን እሳቱን እያራገብክ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ጥፋት እንምጣ። ይህን መናገር ይከብደናል፤ ሳንናገር ብንቀር ግን የእስካሁኑ ሁሉ ባዶ ይሆናል።

ያን ሌሊት በሩ ሥር የተቀመጡት ጋሼ በእኛ መድረሳ የሚማር ልጅ አላቸው። ከወራት በኋላ የሦስት ወር ክፍያ ስላልተከፈለ ያ ልጅ ከሌሎች ጋር ወደ ቤቱ ተመለሰ። የመለስነው እኛ ነን። ስም ዝርዝሩን ያየን፣ ጥሪውን ያደረግን፣ ደብተሩን ይዞ ሲወጣ ያየን እኛ አስተማሪዎች ነን። የማን ልጅ እንደሆነ አላሰብንም። ጋሼም አልመጡብንም፤ አልለመኑም። ማታ እንደወትሮው በሩን ከፈቱልን፤ ሰላምታችንን መለሱ። ነገሩን ያወቅነው ልጁ ለሁለት ሳምንት ያህል መንገድ ላይ ሶፍትና ማስቲካ ሲሸጥ አንድ አባት አይተውት ሲነግሩን ነው።

ሄደን ይቅርታ ስንጠይቃቸው «ኡስታዞች፣ የእናንተ ሥራ ሥርዓት ማስከበር ነው፤ የእኔም እንደዚያው ነው» አሉን። እንዲህ በማለታቸው የባሰ አፈርን። ቀስቱ ሦስት ጊዜ ሲወጋቸው ቦታቸውን ያልለቀቁትን ሶሓባ እያስተማርን፣ በራችን ላይ ያለውን ሰው በራሳችን እጅ ወጋነው። ልጁ ተመልሶ ገብቷል፤ አልሐምዱሊላህ። ያመለጠውን የሁለት ሳምንት ትምህርትና በልቡ የቀረውን ግን አላህ ነው የሚያውቀው።

ይህ የእኛ መድረሳ ጥፋት ብቻ ቢሆን በኹጥባ ቦታ አናነሣውም ነበር። ግን እስኪ እያንዳንዳችን እንጠይቅ። የዘበኞቻችን ደመወዝ ስንት እንደሆነ ስንቶቻችን እናውቃለን? ሌሊት በብርድ የሚለብሱት ጋቢ ከየት እንደመጣ እናውቃለን? ተራ ገብቶ ሲያድር የታመመ ወጣት መድኃኒቱን ማን ገዛለት? በጥቃት የተገደሉ ወንድሞች ጃናዛቸው ላይ ሺዎች እንሆናለን፤ ከዓመት በኋላ የባለቤታቸውን በር የሚያንኳኳው ስንት ነው? «ጀግና» ማለት ቀላል ነው፤ ምንም አያስወጣም። የጀግናው ልጅ ግን ጀግና በሚለው ቃል ዳቦ አይገዛም።

ስለዚህ ከመስጂዱ ሹራ ጋር ተመካክረን ዛሬ አምስት ነገሮችን ለጀማዓው እናቀርባለን።

አንደኛ፣ የሌሊት ጥበቃው ተራ የሁላችን ይሁን። እስካሁን ተራ የሚገቡት እነዚያው አሥራ ምናምን ልጆች ናቸው። ሶላቱል ኸውፍን አስታውሱ፤ የጠበቀው ይሰግዳል፣ የሰገደው ይጠብቃል። ነጋዴውም፣ ሠራተኛውም፣ እኛ አስተማሪዎችም በወር አንድ ሌሊት እንግባ። ስም ዝርዝሩ በበሩ ላይ ይለጠፋል፤ የመጀመሪያው ሳምንት የእኛ የአስተማሪዎቹ ነው።

ሁለተኛ፣ የጥበቃ ሠራተኞች ልጆች በመድረሳችን ክፍያ አይጠየቁም። ይህን ወስነናል። ሌሎች መድረሳዎችም እንዲወስኑ እንጠይቃለን።

ሦስተኛ፣ ለጠባቂዎችና በጥቃት ለተጎዱ ቤተሰቦች የሚሆን ሣጥን ለብቻው ይቀመጥ። ገቢና ወጪው በየወሩ ከጁምዓ በኋላ ለጀማዓው ይነበብ። ለጉዳት ጊዜ የሚሰበሰብ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን በየወሩ የማይቋረጥ ትንሽ ገንዘብ ይሻላል። በአላህ ዘንድ የተወደደው ሥራ ጥቂትም ቢሆን የሚዘወተረው መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል።

አራተኛ፣ ከአካባቢያችን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችና ጠባቂዎች ጋር ስልክ እንለዋወጥ። ክፉ ወሬ ሲመጣ መጀመሪያ የምንደውለው ለእነሱ፣ እነሱም ለእኛ ይሁን። በፋሲካና በጥምቀት ወጣቶቻችን መንገድ ያስተናግዳሉ፤ በዒድ እነሱ ያስተናግዱልናል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ አባቶቻችን በዕድርና በጉርብትና ሲያደርጉት የኖሩት ነው። እኛ ስንዘነጋው ነው ክፉ ሰው ክፍተቱን ያገኘው።

አምስተኛ፣ እናቶችና እህቶች፣ ይህ ጉዳይ የወንዶች ብቻ አይደለም። በማንዴራ አውቶቡስ ላይ ሕይወት ያተረፈው ሒጃብ ነበር። በእኛም ሰፈር ሌሊት ለሚያድሩ ልጆች ሻይና ዳቦ የምትልኩት፣ በግርግር ጊዜ የሰው ልጅ ከልጆቻችሁ ጋር ደባልቃችሁ የምታስተኙት እናንተ ናችሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጃችሁ ተቆጥቶ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ የምትቆሙት እናንተ ናችሁ። የዚያ ቤት ጠባቂ እናት ናት።

በመጨረሻም፣ የአላህ ባሮች ሆይ፣ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ በሩ ላይ የቆሙትን ልጆች ዝም ብላችሁ አትለፏቸው። ሰላም በሏቸው። ስማቸውን ጠይቁ። ጋሼን ካገኛችኋቸው እጃቸውን ሳሙ። ከተኛችሁ በኋላ የሚነቁት እነሱ ናቸውና ከመተኛታችሁ በፊት አንዲት ዱዓ አድርጉላቸው።

አላህ ሆይ! ሌሊቱን የሚጠብቁልንን ጠብቅልን። ሲጠብቁ የሞቱትን ማርልን፤ የቲሞቻቸውን አደራ የምንወጣ አድርገን። ቁጣችንን ወደ ፍትሕ፣ ፍርሃታችንን ወደ ንቃት መልስልን። ለበዳዮቻችን ልብ ስጣቸው፤ እኛንም ከተበዳይነት ወደ በዳይነት ከመሻገር ጠብቀን። አገራችንን ሰላም አድርጋት፤ መስጂዶቿንም ቤተ ክርስቲያኖቿንም ከእሳት ጠብቅ። የታሰሩትን አስፈታ፤ የቆሰሉትን አሽር፤ የተፈናቀሉትን ወደ ቀዬያቸው መልስ። አሚን።

ወአኺሩ ደዕዋና አኒል ሐምዱ ሊላሂ ረቢል ዓለሚን።

አላሁ አክበር!